ክር ያለው ብልቃጥ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ብርዱ ገባ። ጠዋት ዴፖው ግቢ የተደረደሩት የጋዝ ሲሊንደሮች ጤዛ ለብሰው ነበር፤ ሲነኳቸው እጅ ይቆረጥማሉ።

ልጄ ከውጪ ስትመጣ ከቦርሳዋ ሁለት ብልቃጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችልኝ። ጣት አያህሉም። አንዱ ላይ «ሀ»፣ ሌላው ላይ «ለ» የሚል ወረቀት በራሷ ጽሕፈት ለጥፋለች።

«ሽቶ ነው አባዬ፣ ለብርድ የሚሆን። ለሙከራ የሚሰጡት ነው። የወደድከውን ንገረኝና ትልቁን ጠርሙስ ሳልሄድ እገዛልሃለሁ።»

«እኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሽቶ?»

«የአያቴን ኮት ስታወራልኝ አይደል ያሳደግከኝ? ትምባሆ፣ መጠጥ፣ ሞቅ ያለ ነገር... እሱን የሚመስል ስፈልግ ነው የከረምኩት። ሁለት ላይ ደረስኩና ቆምኩ። የኮቱን ሽታ የምታውቀው አንተ ነህ።»

ሀ ማለት ሩም ነው አለች፤ ማር፣ ቫኒላ፣ ዘቢብ ያለው፣ ጣፋጭ። ለ ውስኪ ነው፤ ደረቅ እንጨትና ቆዳ። ትምባሆው ሁለቱም ውስጥ አለ።

ከፍቼ አሸተትኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ፊቴን እያየች ነበር።

«ሁለቱም ይገርማሉ» አልኳት። «እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ አይሆንም። ጊዜ ስጪኝ።»

የክረምቱ ጉንፋን አፍንጫዬን አልለቀቀኝም። ያልፋል።

ልጄ ኅዳር መጨረሻ ትሄዳለች። ሩቅ ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ የላቦራቶሪ ሥራ። እስከዚያ መደረግ ያለበት፦
— የሻንጣዋ ዚፕ
— የኩሽናው መስኮት (ተጣብቆ አልከፈት ብሏል)
— ሽቶ መምረጥ
— ጉንፋኑ


ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

በምሳ ሰዓት፣ በችኮላ።

ዴፖ ውስጥ ስሜ አፍንጫው ነው። የተሞላ ሲሊንደር መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት መጨረሻ የሚያልፈው በእኔ በኩል ነው። ቫልቩ ላይ ጎንበስ ብዬ «ይተነፍሳል» ካልኩ ይመለሳል፣ «ዝም ብሏል» ካልኩ ይጫናል። የሳሙና ውሃ የምንቀባው የተጠረጠረውን ብቻ ነበር። የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ይነፋል።

ዘንድሮ ሁሉንም በሳሙና ነው የማሳልፈው። ለጥንቃቄ።

አለቃችን ፊሽካ (በጣቶቹ ስለሚያፏጭ ነው) አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ምነው፣ ሁሉንም ልታጥባቸው ነው እንዴ?»

«ብርድ ነው፤ ጎማው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል» አልኩት።

«ድሮ ብርድ አልነበረም?»

መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ዳንኩ።


እሁድ፣ ጥቅምት 10

የልጄ እናት የደንበኛ ቀሚስ ላይ ተደፍታ ስፌት መኪናዋን ታስጮኻለች። እኔ ብልቃጦቹን ይዤ መስኮቱ ጋ ተቀምጫለሁ።

የአባባ ኮት። ቡኒ፣ ወፍራም፣ እጅጌው ለእሱ የረዘመ። ማታ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ብርዱ ይገባል፣ ከብርዱ ኋላ ኮቱ፣ ከኮቱ ኋላ አባባ። አውልቆ በሩ ኋላ ይሰቅለዋል። እኔ በኮቱና በግድግዳው መሃል እገባና እቆማለሁ። ሞቃት ነው፣ ጨለማ ነው፣ ትምባሆ ትምባሆ፣ መጠጥ መጠጥ ይላል። እናቴ «ያ ልጅ የት ገባ?» ስትል አባባ እያየኝ «እኔ እንጃ፣ ኮቴ እግር አብቅሏል» ይላታል። በየቀኑ ያንኑ ይላታል። በየቀኑ እስቃለሁ።

የግራ ኪሱ ገበር የተቀደደ ነበር። ጣቴን ሰድጄ ከስፌቱ ውስጥ የትምባሆ ፍርፋሪ እለቅም ነበር። አባባ ሲያጨስ ግን አይቼው አላውቅም። ውጪ ነበር የሚያጨሰው፤ እኛ ፊት አይሆንም ብሎ።

አፍንጫ የሰጠኝ ያ ኮት ነው እላለሁ። ልጄ ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመጣ አናቷን አሸትቼ ውሎዋን እነግራት ነበር። «ብርቱካን በልተሻል። ጥቁር ሰሌዳ አጥፍተሻል። ከዚያች ቅባት ከምታበዛው ልጅ ጋር ተቃቅፈሻል።» አፏን ይዛ ትቀራለች። አንድ ቀን ፈተና ወድቃ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬ አታሽተኝ» አለችኝ።

ሁለቱን ብልቃጦች ከኮቱ ጋር ላስተያይ ሞከርኩ። ኮቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ጥርት ብሎ አለ። ብልቃጦቹ ናቸው ዝም ያሉት።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጅል ነኝ።

ብልቃጦቹን ጃኬት ኪሴ ውስጥ ይዣቸው ስዞር ኪሴ የራሰ መሰለኝ። ያፈስሳሉ ብዬ ጠረጠርኩ። አንድ ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? በእጁ ዳብሶ ያያል። እኔ ግን ሳላስበው አንገታቸውን ስፖንጅ ላይ ያለው አረፋ ውስጥ ነከርኩ፣ ተራ በተራ፣ ልክ እንደ ቫልቭ። አረፋው አልተነፋም። ሁለቱም ዝም ብለዋል። ደስ አለኝ። በጨርቅ ጠራረግኳቸው።

ወረቀቶቹ ከጨርቁ ጋር መጡ። ቀለሙ ሰማያዊ ውሃ ሆኖ ጣቴ ላይ ቀረ።

አሁን ሁለት አንድ ዓይነት ብልቃጥ አለኝ። የትኛው ሀ እንደሆነ አላውቅም።

አፍንጫ ላለው ሰው ይሄ ምን ያስጨንቃል? ከፍቶ ማሽተት ነው። ሩምና ውስኪ፣ ጣፋጭና ደረቅ፣ ሕፃን ይለየዋል።

ከፍቼ አሸተትኩ። ደጋግሜ።

ጉንፋኑ ነው።

ከስፌት መኪናው ሥር ቀይ ክር አንስቼ አንዱ አንገት ላይ አሰርኩ። ቢያንስ ካሁን ወዲያ አይሳከሩም። ልጄ እንዳታይ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አደረግኳቸው። ዘዴው ይሄ ነው፤ ተራ በተራ መቀባት፣ ሰው የሚለውን መመዝገብ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ክር ያለው።

ስንት ጊዜ እንደሚነፋ አላውቅም። ጃኬቱ ሲርስ ቆምኩ።

— አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ፦ መስኮት ከፈተች። ከዚያ ወንበር ቀየረች።
— ቀጮ (ጫኙ)፦ «ልደት አለ እንዴ? ኬክ ኬክ ትላለህ።»
— ፊሽካ፦ «ኬክ አይደለም። መጠጥ ቤት ነው፣ ሊዘጋ ሲል።»
— የልጄ እናት፦ «ያልተቀባኸው ቦታ አለ?»

ኬክ ከሆነ ሀ ነው። መጠጥ ቤት ከሆነ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የልጄ እናት መልስ አይቆጠርም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ክር የሌለው። ዛሬ ቀነስ አድርጌ ነበር። ይመስለኛል።

ሥራ እንደጀመርን ፊሽካ ከሩቅ አየኝ፣ ቀረበኝ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«ና እስቲ ወደዚህ።»

ከሲሊንደሮቹ ራቅ አድርጎ ወሰደኝ።

«እስቲ ተንፍስ።»

«ምን?»

«ተንፍስ እያልኩህ ነው። ጋዝ ቤት እንሠራለን እኮ። በዚህ ዕድሜህ ጠዋት ጠዋት ውስኪ?»

ተነፈስኩለት። ምን አደርጋለሁ? ቀጮ ከኋላ ሆኖ «ሳሙና ይምጣለት፣ የሚያፈስ ከሆነ እናያለን» ሲል ግቢው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ።

«ሽቶ ነው» አልኩት። «ልጄ የሰጠችኝ።»

ፊሽካ አፍንጫውን ጃኬቴ ላይ አድርጎ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። «የሰውን ሁሉ ሽታ እየለየህ የራስህ አይታወቅህም?»

ቀልዱን ነው። ቀልዱን ይመስለኛል።

አመሻሹ ላይ ግን ልመዘግብ ስቀመጥ ገባኝ፤ ጃኬቱ ያው የሐሙሱ ጃኬት ነው። ሁለቱ ተደባልቀዋል። የሁለቱም ቀን መዝገብ ዋጋ የለውም። ንጹሕ ነገር ላይ፣ ለየብቻ መደረግ ነበረበት። እንደ እኔ ያለ ጥንቁቅ ነኝ ባይ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ማታ ነው የምጽፈው፤ ሁሉም ተኝተዋል።

ቀኑን እረፍት ነበርኩ። የልጄ እናት ደንበኛ ጋ ቀሚስ ልታስለካ ወጥታለች። ወተት ጥጄ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የሻንጣውን ነገር እጽፋለሁ። ቀና ስል ወተቱ ገንፍሏል፣ ምድጃው ነጭ ሆኗል፣ እሳቱ የለም። መቼ እንደጠፋ አላየሁም።

ክብሪት አንስቼ ተነሣሁ።

ለራሴ ልጻፈው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እጄ የሚታዘዘው አፍንጫዬን ነው። አፍንጫዬ ዝም ካለ እጄ ይቀጥላል። አፍንጫዬ ዝም ብሎ ነበር። ክብሪቷን ከቀፎው አውጥቼ ይዣለሁ።

በሩ ተከፈተ። ልጄ ናት። አልጮኸችም። ሁለት እርምጃ መጥታ ክብሪቱን ከእጄ ወሰደች፣ የጋዙን መክፈቻ ዘጋች፣ ያን የተጣበቀ መስኮት በትከሻዋ ገጭታ ከፈተችው። እኔ ስንት ሳምንት ያቃተኝን።

«አባዬ፣ ውጪ ቆይ።»

ደረጃው ላይ ቆምኩ። ቆይታ መጣች፤ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ብዙ ቆየ?»

«አሁን፣ አሁን ነው የጠፋው» አልኩ።

«እሺ።»

«ጉንፋኑ ነው፤ አልለቀቀኝም።»

«እሺ» አለች ደግማ። «እሺ» አባባሏን አልወደድኩትም። ትንሽ ልጅ ሆና ውሸቴን ስትይዝ እንደዚያ ነበር የምትለው።

ምድጃውን የወለወለችው እሷ ናት። እናቷ ስትመጣ «ወተት ገንፍሎብን ነው» አለች፤ «ብን» ብላ ራሷን ጨመረች።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

መኝታ ቤት ሆኜ ሰማሁ። ስፌት መኪናው ቆመ፤ እሱ ሲቆም ቤቱ ሁሉ ይሰማል።

«ለፋብሪካው ደውዬ እቀራለሁ ልላቸው ነው።»

«ቀስ በይ፣ አባትሽ ይሰማሻል።»

«ጥዬው የት እሄዳለሁ እማዬ?»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

«አንቺ ግማሹን ቀን ደንበኛ ጋ ነሽ።»

ከዚያ መኪናው ጀመረ።

ይሄን ሥራ ለማግኘት ምን ያህል እንደለፋች የማውቀው እኔ ነኝ። ፈተናው ቀን ከበሩ ውጪ ቆሜ የጠበቅኳት እኔ ነኝ። በእኔ ምክንያት አትቀርም።

መፍትሔው አንድ ነው። ሽቶውን በትክክል መምረጥ። ቀጥ ብሎ፣ ሳይንተባተቡ፣ ይሄ ሀ ነው፣ ይሄ ለ ነው፣ እኔ የምወደው ይሄ ነው፣ በዚህ በዚህ ምክንያት። አፍንጫዬ ደህና መሆኑን ካየች ትሄዳለች።

እሁድ እትዬ ጋ እሄዳለሁ። ኮቱን ከእኔ ሌላ የሚያስታውስ እሷ ብቻ ናት።


እሁድ፣ ጥቅምት 24

እትዬ ታላቄ ናት፣ ስድስት ዓመት። አሁንም ማሙሽ ነው የምትለኝ፣ ጸጉሬ እንዲህ ሸብቶ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሼ ቀኝ እጅጌዬ ላይ ክር ያለውን፣ ግራው ላይ ክር የሌለውን ነፋሁ። አንድ አንድ ጊዜ ብቻ። መንገድ ላይ እጆቼን አራርቄ ነው የሄድኩት፤ ሰው ሁሉ እንደ አሞራ አየኝ።

«እትዬ፣ እስቲ እጅጌዬን አሽትቺልኝ።»

«ጤና የለህም?»

«አሽትቺልኝ ብቻ።»

ቀኙን ሳበች። «ይሄ ኬክ ነው። መጠጥ የጠጣ ኬክ።» ሳቀች። «ሚስትህ ታውቃለች?»

ግራውን ሳበች። ሳቋ ቆመ። እጅጌዬን በሁለት እጇ ይዛ አፍንጫዋ ላይ አቆየችው።

«በር ኋላ የሚሰቀለው» አለች። «የአባባ ኮት።»

እፎይ አልኩ። ክር የሌለው ለ ነው፣ ክር ያለው ሀ ነው። ሥራው አለቀ። ወዲያው ልነሣ ነበር።

«ምስኪን አባባ» አለች፣ «ሲጋራ አፉ ሳይገባ ያን ሽታ ተሸክሞ ኖረ።»

«ውጪ ነበር የሚያጨሰው።»

«ማን አለህ?»

«ኪሱ ገበር ውስጥ ትምባሆ ነበር እትዬ፤ በጣቴ ነው የለቀምኩት።»

«ኮቱ ሰልባጅ እኮ ነው፣ ማሙሽ። እኔና እማማ ነን ሄደን የመረጥነው። የማን እንደነበረ እንጃ፤ ያጨስ ነበር፣ ይጠጣም ነበር መሰለኝ። እማማ ሦስቴ አጥባው ሽታው አልለቅ አላት። አባባን ‹ይሄ ነገር ይሸታል፣ አይከብድህም?› ስትለው ‹ምኑ ነው የሚሸተው?› ይላት ነበር። ብርዱን ከለከለለት፣ በቃው።»

ሻይ አፈላችልኝ። አፌ ውስጥ ሙቅ ውሃ ነበር፤ ጣፈጠኝ አልኳት።

ስለዚያ ሰውዬ የማውቀው፦
— ያጨሳል
— ይጠጣል
— ከአባባ ይረዝማል (እጅጌው)
— ግራ ኪሱን ቀዶታል
— ዕድሜዬን ሙሉ የናፈቅኩት እሱን ነው

የመጨረሻውን ልሰርዘው ነበር። ተውኩት። ግን እኮ በሩን ከፍቶ የሚገባው አባባ ነበር። «ኮቴ እግር አብቅሏል» የሚለው አባባ ነበር።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ብዙ አልጽፍም።

ዛሬ መጋዘን ውስጥ አንድ ሲሊንደር ቫልቩ ተሰብሮ ጋዝ ለቀቀ። ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ሲወጣ እኔ ጥግ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ክዳን እየቆጠርኩ ነበር። የመሙያ ማሽኑ ጩኸት ጆሮዬን ሞልቶታል። ቀጮ ተመልሶ ገብቶ በቀበቶዬ ጎትቶ አወጣኝ። ማንም አልተጎዳም።

«አፍንጫው ሆዬ ጋዙን ለብቻው ሊጨርሰው ነበር» አሉ ጫኞቹ፣ ሳቁ።

ፊሽካ አልሳቀም። ቀጮም አልሳቀም።

ቀጮ ሁለት ልጆች አሉት።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ነገ ልጄ መልስ ትፈልጋለች። የምለው፦
— «መጀመሪያ ውስኪው ይመጣል፣ ከዚያ እንጨቱ፣ ሲቆይ ትምባሆው ይቀራል።»
— «ሀ ጥሩ ነው ግን ጣፋጭነቱ ይበዛል።»
— «ኮቱን የሚመስለው ለ ነው።»
— ሳልቸኩል። ዓይን ዓይኗን እያየሁ።

ብልቃጦቹ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፌ ሀ፣ ለ ብዬ የእሷን ጽሕፈት አስመስዬ ጻፍኩ። ክሯን መፍታት ረሳሁ፤ ከታየች ልጅ ነው ያሰረው... የምን ልጅ? ቤት ውስጥ ልጅ የለም። ልፈታት።


እሁድ፣ ኅዳር 1

አልፈታኋትም።

ከሰዓት በኋላ ነው። እናቷ ጎረቤት ሄዳለች፣ አውቃ ይመስለኛል። ልጄ ከውጪ ገብታ ሻርፗን ሳትፈታ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች።

«እሺ አባዬ። ሀ ወይስ ለ?»

እንደተለማመድኩት አልኩ። ውስኪው፣ እንጨቱ፣ ትምባሆው። ሳልቸኩል። ለን አንስቼ ሰጠኋት። ከፈተች፣ አሸተተች።

«ትክክል» አለች። «ለ ነው።» ሀንም አንስታ አሸተተች፤ ቀዩን ክር በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ስለ ክሩ አልጠየቀችም። አዲሶቹን ወረቀቶች አየቻቸው፤ ስለ ወረቀቱም አልጠየቀችም።

አበቃ ብዬ ነበር።

ሻርፗን ፈታችና ወንበሯን ወደ እኔ ስባ አናቷን ዝቅ አደረገች። ልክ ልጅ ሳለች ታደርግ እንደነበረው። ስንት ዓመታችን።

«እስቲ ዛሬ የት ዋልኩ?»

ጎንበስ አልኩ። ጸጉሯ አፍንጫዬን ነካው። ለስላሳ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ከብርዱ ገና መግባቷ ነው። ሌላ ምንም የለም።

መገመት እችል ነበር። ጫማዋ ላይ ጭቃ አለ፣ የቦርሳዋ አፍ ላይ የመጻሕፍት ቤት ወረቀት ይታያል። «መጽሐፍ አቧራ፣ በእርጥብ መንገድ...» ማለት ነበር። አፌን ከፈትኩ። ሽቶውን ዋሽቼ ነበር፣ ፊሽካን ዋሽቼ ነበር፤ እዚህች አናት ላይ ግን ዋሽቼ አላውቅም። አንድም ቀን።

«አላውቅም» አልኩ። «አይሸተኝም ልጄ። ምንም አይሸተኝም። ከክረምቱ ጀምሮ።»

ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ?»

«ስጠረጥር ቆይቻለሁ። ከወተቱ ቀን ግን አወቅኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም ብለሽ ታስለፊኛለሽ? ሽቶ ምረጥ እያልሽ?»

ያኔ ነው ቀና ያለችው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን ደህና ነው።

«አፍንጫህ አይደለም የሚያስቀረኝ አባዬ። ጉንፋን ነው ማለትህ ነው። እዚያ ሆኜ ስደውልልህ ‹ደህና ነኝ› ትለኛለህ። እኔ ምን ብዬ ላምንህ? እንዴት ነው የምሄደው?»

ስንት ሳምንት ሙሉ እንድትሄድ ብዬ የደበቅኩት ነው አስሮ የያዛት።

የቀረውን ሁሉ ነገርኳት፤ የሳሙናውን፣ ክሩን፣ ፊሽካ ያስተነፈሰኝን፣ ቀጮ በቀበቶዬ የጎተተኝን። ብልቃጥ በሳሙና አረፋ መፈተሼን ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ቀጮ ጋ ስደርስ ሳቁ ጠፋ።

«ነገ ለፊሽካ ትነግረዋለህ።»

«እነግረዋለሁ።»

«ሐኪም ቤት ትሄዳለህ።»

«እሄዳለሁ።»

«በል አሁን ጎንበስ በል።»

«ለምን?»

«ጎንበስ በል አልኩህ እኮ።»

ጎንበስ አልኩላት። አፍንጫዋን አናቴ ላይ አደረገች። በረጅሙ ሳበች፤ እኔ ሳደርግ የነበረውን ሁሉ አውቃ እያጋነነች።

«ጠዋት በነጩ ሳሙና ታጥበሃል። ጢምህን ተላጭተህ አልኮል አድርገሃል። ሙጫ ነክተሃል፣ ያ ለወረቀቱ ነው። ቁም ሳጥን አናት ላይ እጅህን ሰድደህ አቧራ ላይህ ላይ ወርዷል። ደግሞ ፈርተሃል።»

«ፍርሃት ይሸታል እንዴ?»

«አይሸትም። ሸሚዝህን ገልብጠህ ነው የለበስከው።»

አየሁት። እውነቷን ነው።

እንግዲህ ምረጭልኝ አልኳት፤ የምታሸቺው አንቺ ነሽ። ስለ ኮቱም፣ እትዬ ያለችኝን ነገርኳት። ለብዙ ጊዜ ሁለቱን ስታለዋውጥ ቆየችና ክር ያለውን ያዘች።

«ሀ ይሁን።»

«ኬክ ነው ይሉኛል እኮ። ኮቱ ለ ነው።»

«ለ የዚያ የማናውቀው ሰውዬ ነው። እሱ አያቴን ካሞቀልን ይበቃል። አንተ የራስህ ይኑርህ።»


ሰኞ፣ ኅዳር 2

ለፊሽካ ነገርኩት። መጀመሪያ በጣም ተቆጣ፤ ልክ ነው። ከዚያ ቁጭ አለ። «ሳሙናው ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለካ ለዚህ ነው» አለ። ሁሉንም በሳሙና ማሳለፌ ነው ያዳነኝ፤ አለበለዚያ አሰናብትህ ነበር አለኝ።

ከነገ ጀምሮ ቀለም መቀቢያው ጋ ነኝ፤ ባዶ ሲሊንደር ከዝገት ማጽዳትና መቀባት። ቫልቭ አልነካም። በእኔ ቦታ ቀጮ ገባ። ስፖንጁን ሳስረክበው «ስሙን ግን አልወስድብህም» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሐኪሙ፦ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስ ይችላል። የክረምቱ በሽታ ነርቩን ጎድቶት ይሆናል አለ። ጠዋትና ማታ የሚሸቱ ነገሮችን ሽታቸውን እያስታወስኩ እንዳሸት አዟል። ልጄ ስልኬ ላይ የሰዓት ጥሪ ሞላችልኝ። ኩሽናው ግድግዳ ላይ ጋዝ ሲለቅ የሚጮኽ ዕቃ ሰቀለች፤ እናቷ ሽንኩርት ስትጠብስ ሁሉ የሚጮኽ እየመሰላት ቀና ብላ ታየዋለች።

የሻንጣው ዚፕ ተሠራ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ሄደች።

ሻንጣዋን ጭኜ ስመለስ ብዙ ነገር ልላት ነበር፤ «ጎማውን አየት አድርጊ» አልኩ። የአውቶቡስ ጎማ እሷ ምን ልታደርገው።

መስኮቱ ውስጥ ሆና ሻርፗን ፊቷ ላይ ሰብስባ ያዘች። ብርድ መሰለኝ። እናቷ ናት ቤት ስንመለስ የነገረችኝ፤ ጠዋት ሻርፗ ላይ ከብልቃጡ ነፍታበት ነበር። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሳይ ያለው ክር የሌለው ብቻ ነው።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ደወለች። ደህና ገብታለች። ክፍሏ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ ግን ይከፈታል።

«አንተስ?»

«ደህና አይደለሁም» አልኳት። «ቤቱ ጭር ብሏል፣ ቀለም ቤት ወገቤን ያመኛል፣ ጠዋት ቅርንፉድ አሽትቼ ምንም። እናትሽ ደህና ናት።»

«እሺ» አለች። ይሄኛው «እሺ» ሌላ ነበር።

ትልቁን ጠርሙስ ሳትሄድ እናቷ ጋ ትታልኛለች፤ ዛሬ ተሰጠኝ። ካርቶኑ ላይ በራሷ ጽሕፈት «ሁለት ጊዜ ብቻ» ይላል፤ ከሥሩ መስመር አስምራበታለች። አንገት ላይ አንድ ጊዜ፣ ጃኬት ላይ አንድ ጊዜ ነፋሁ። እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ለእኔ ሌላ የለውም። አባባም ኮቱን ለብሶ «ምኑ ነው የሚሸተው?» ሲል እንዲህ ነበር እንግዲህ።

እንጀራ ልገዛ ደረጃውን ስወርድ የልጄ እናት ከታች ወደ ላይ እየመጣች ነበር፣ ገና ሳትደርስብኝ፣ ሳታየኝ፣ መታጠፊያው ላይ ሆና «ወጣህ እንዴ?» አለችኝ።

ጠርሙሱን በሳሙና አልፈተንኩትም። ወረቀቱ እንዳለ ነው።